ሲሳይ የቦክሰኛው ስም አይደለም

ወንድሜ ሲሳይ ደም አልሸጠም። ይህን መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኩት አንባቢ ቢሰለችና መሀል ላይ ቢተወኝ እንኳ ይህችን አንዲት ነገር ይዞ እንዲሄድ ብዬ ነው። የተገደለውን የታላቃችንን የሞላን ደም ያደረቁት ዘወልዶች ናቸው፤ ለማያውቅ ሰው፣ ዘወልድ ማለት በኛ በራያ ቆላ በደመኞች መካከል ገብተው የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ግራና ቀኝ ተሰምቶ፣ እናታችን ፈቅዳ፣ በሬ ታርዶ፣ ሁለቱ ወገን ከአንድ ገበታ በልቶ ነው ነገሩ ያለቀው። “ደም ሸጠ”፣ ማለት የወንድሙን ደም በገንዘብ ለወጠ፣ የሚለውን ስም ለሲሳይ ያወጣለት ተፈራ ማይክ የሚሉት የቪዲዮ ቤት አስተርጓሚ ነው። ያወጣለትም ቤት ሙሉ ሰው ፊት፣ በአንድ የቦክስ ፊልም ክፍል ሁለት ላይ፣ ፊልሙ ያላለውን ብሎ ነው። በዚህ ምክንያት ወንድሜ ከቆቦ ወጣ፤ ሳይመለስም አምና ሞተ። ይመዝገብልኝ የምለው ግፍ ይህ ነው። እኔ ዝናሽ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ዳኝነት ሲዛባ ለማወቅ ግን አራተኛ ክፍልም ይበዛል።

ሰው “ከስንት ዘመን በኋላ ምን አስነሳሽ?” ይለኛል። ያስነሳኝ ያው ፊልሙ ነው። አላለቀም እኮ! የኔ ጥርስ አልቆ፣ የቆቦ ስንቱ ቤት ፈርሶ ተሠርቶ፣ ለዚያ ቦክሰኛ ግን እስከ ዛሬ ክፍል ይቆጠርለታል። ሰውየው ራሱ አርጅቷል፤ ፊቱ እንደ አሮጌ ቁርበት ተጨማዷል። አሁን የሌላ ሰው ልጅ ያሠለጥናል ይሉና መጨረሻው ላይ እሱኑ ጓንት አልብሰው ያስገቡታል። በቅርቡ ነው፤ ትርሲት፣ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ የምታስተምረው የልጄ ልጅ፣ ከጤና ጣቢያ ስትመልሰኝ “እምዬ፣ እግርሽን ትንሽ አሳርፊ” ብላ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት አስገባችኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን አዲሱን ክፍል ያሳያል። ከፊታችን ሁለት የባጃጅ ነጂዎች ተቀምጠው ፊልሙን እያዩ ፊልሙን ይሰድባሉ።

“ይኼ ሰውዬ ጡረታ አይወጣም እንዴ? ቁና ቁና እየተነፈሰ እኮ ነው የሚደባደበው” አለ አንዱ።

“እኔ ድሮ ነው የተውኩት” አለ ሌላው። “ፊልም ማለት ክፍል አንድ ብቻ ነው። ክፍል ሁለት ላይ ሲሳይ ደም ከሸጠ በኋላ ምን ፊልም አለ?”

“አባቴም እንደዚያ ነው የሚለው። ‘ሲሳይ ደም ሸጠ፣ ፊልሙም ሞተ።’”

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። “ልጄ፣ ሲሳይ ማነው?” አልኩት።

“ቦክሰኛው ነዋ፣ እማማ! ዋናው አክተር!”

“ቦክሰኛው ፈረንጅ ነው። ፈረንጅ ሲሳይ ይባላል?”

“በትርጉም ነዋ፣ እማማ!” አለና ለጓደኛው ጠቀሰው።

ትርሲት ክንዴን ያዘችኝ፤ እኔ ግን ተነስቻለሁ። “ሲሳይ ያንተ አክተር አይደለም” አልኩት። “ሲሳይ አምና ጎብዬ የተቀበረ የእናቴ ልጅ ነው። ቡጢ ሰንዝሮ አያውቅም።” ልጁ ደነገጠ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሞቴ። እኔ በፊልሙ ያለ ሰው መስሎኝ ነው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው” አለ። እውነቱን ነው፤ ማንን ልቆጣ? ስድቡ የሰውየውን ስም ይዞ ሄዶ ሰውየውን ጥሎታል። ወንድሜ አገሩን አጣ ብዬ ሳዝን ኖሬ ለካ ስሙንም አጥቷል።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። ብቻ አንድ ብርጭቆ ሻይ በስሙኒ የሚሸጥበት፣ ኮንጎ ጫማ ለአዘቦት፣ ሸራ ጫማ ለበዓል የሚደረግበት ዘመን ነው። ጎረምሳ ሁሉ ጎፈሬውን አበጥሮ ሚዶ ይሰካበታል፤ ትንሽ ገንዘብ ያገኘ ደግሞ ከደሴ የመጣ የጂንስ ጃኬት በዚያ ሙቀት ለብሶ ላቡ እየተንጠባጠበ በአስፋልቱ ዳር ይንጎራደዳል። ዛሬ የሞባይል ቀፎና የቻይና ብርድ ልብስ የሚሸጥበት፣ ከአስፋልቱ ወደ ገበያው የሚታጠፈው ጥግ፣ ያን ጊዜ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በጥቁር ሸራ የተሸፈነ። ቆርቆሮው ሲግል ሰው ሸሚዙን አውልቆ በሽርጡ ብቻ ይቀመጣል። የሚከፈተው በገበያ ቀን ነው። መግቢያው ስሙኒ ነበር፤ ስሙኒ የከፈለ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ያልሞላለት መሬት ላይ። በሩ ላይ አንድ ሕግ ነበረ፤ ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው። በረኛው የገበሬውን ዱላ፣ ከበረሃ የወጣውን አፋር ጊሌ፣ ያን ቆልማማ ጩቤውን፣ እየተቀበለ ግድግዳው ሥር ይደረድራል። ያን ሁሉ ዱላ ማንም ምልክት አያደርግበትም፤ ሲወጣ ግን እያንዳንዱ የራሱን ሳይሳሳት ያነሳል። በመኸር ጊዜ ሰው ሁሉ ጥንቅሹን እያላመጠ ነው የሚገባው፤ ፊልሙ ሲያልቅ መሬቱ በምጣጭ ተሸፍኖ ነጭ ይሆን ነበር። ያንን ምጣጭ የሚጠርጉት ለከብት ይወስዱታል። ዛሬ የሚጣለው ፕላስቲክ ነው፤ ከብት ቢበላው ይሞታል።

የኔ ሻይ ቤት ከቪዲዮ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። በኔ ቴፕ ክራር ይደረደራል፣ በዚያ ማዶ ጀነሬተሩ ያጓራል። ሴት ቪዲዮ ቤት አትገባም። ማንም አልጻፈውም፤ ግን አትገባም። እኔ የምገባው ሻይ ላደርስና ብርጭቆ ልሰብስብ ነው። ብርጭቆ ልሰብስብ እያልኩ ስንት ፊልም ጨርሻለሁ! ትሪዬን ይዤ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ እቆማለሁ፤ የሚያስወጣኝ ሲመጣ አንድ ብርጭቆ አነሳለሁ።

ተፈራን ያመጣው የጀነሬተሩ ጩኸት ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፣ ድምፁም አይሰማም፤ ስለዚህ ባለ ቪዲዮ ቤቱ ማይክ አስይዞ ተፈራን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠው። ቀይ ቴትሮን ሸሚዝ ነበረው፤ ኮሌታው እንደ ቢላ የተተኮሰ። አሰብ ወደብ ሠርቶ የመጣ ነው፣ እንግሊዝኛውን ከመርከበኛ ነው የተማረው ይባል ነበር። ማን ይፈትነዋል? ፍርድ አላዛባምና ልመስክርለት፤ ተፈራ ሲያወራ ምራቅ ያስውጣል። ፈረንጁ ሁሉ በሱ አፍ የራያ ሰው ሆኖ ይመጣል። ፖሊሱ “አንተ የማን ዘር ነህ?” እያለ ይጠይቃል። ሴቲቱ ባሏን “ይብላኝ ላንተ!” ትለዋለች።

ያ የቦክስ ፊልም ክፍል አንዱ የመጣ ቀን፣ ቀጭኑ ቦክሰኛ ገና ከግዙፉ ሰውዬ ጋር ፊት ለፊት ሲተያይ ተፈራ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ “ያን ዝሆን ታዩታላችሁ? ወንድሙን የገደለበት እሱ ነው!” አለ። ቤቱ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ገባን። ገና ሳይነጋ ለምን ይሮጣል? ደም አለበት። አሸዋ የሞላ ከረጢት ለምን ይደበድባል? ደም አለበት። ሚስቱ እየለመነችው ለምን እምቢ ይላል? እንዴት እሺ ይበል፣ ደም አለበት! ግዙፉ ሰውዬ የወደቀ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ለመፎከር ዱላቸውን ፍለጋ ወደ በሩ ሮጡ፤ በረኛው “አባባ፣ ፊልም እኮ ነው!” እያለ ሲያባብላቸው ትዝ ይለኛል። ያን ሰሞን በጠላ ቤቱም በወፍጮ ቤቱም ሌላ ወሬ አልነበረም። ስለ ቡጢው አይደለም የሚወራው፤ “ወንድ ልጅ የወለደች እናት” እየተባለ ነው።

ሲሳይም አይቶታል። እዚህ ላይ ከፊልሙ በፊት የሆነውን የሞላን ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ቆላ ዝናብ የሚዘንበው ደጋ ላይ ነው፤ ለኛ የሚደርሰን ጎርፉ ነው። ሆርማት ወንዝ ሲሞላ ገበሬው ጎርፉን በየተራ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል፤ ተራው ያለፈበት ሰው ለዓመት ይራባል። ታላቃችን ሞላ በዚያ ተራ ክርክር ነው የሞተው። የገደለው የማናውቀው ሰው አልነበረም፤ ማሳው ከማሳችን ጋር ይዋሰናል። ወንድ የቀረን ሲሳይ ብቻ ነው፤ ጢሙ ገና ያቀመቀመ ልጅ። ዘመድ ሁሉ ሲሳይን ሲያይ ዓይኑ ጠመንጃ ይፈልግ ነበር። ዘወልዶች ገቡ፣ ስንቴ ተመለሱ፣ ስንቴ ገቡ። በመጨረሻ የገዳዩ አባት አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው መጥተው ደጃችን ላይ ወደቁ። እናቴ ወጥታ “ድንጋዩን አውርዱላቸው። አንድ ወንድ ልጅ ቀርቶኛል፤ እሱንም ለደም አልሰጥም” አለች። ሲሳይ ሄዶ ድንጋዩን ከሽማግሌው አንገት ላይ በገዛ እጁ አነሳ። ከሁሉ ያ ይከብዳል። ከዚያ በሬ ታረደ፣ ቃል ኪዳን ተገባ። ጉማውን፣ ማለት የደም ካሳውን፣ እናቴ አንዲት ክር ሳትገዛበት ለሞላ ተዝካር አወጣችው። አገር ያየው ነው። ማንም ያን ጊዜ “ሸጠ” አላለም፤ ሲሳይ በመንገድ ሲያልፍ ትልልቅ ሰዎች ከመቀመጫቸው ይነሱለት ነበር።

ታዲያ ክፍል አንድን አይቶ ሲወጣ ሻይ ቤቴ ገባና ተቀመጠ። ስኳሩን ያማስላል፣ አይጠጣም። “ዝናሽ፣ ያ ሰውዬ ዘወልድ የለውም እንዴ?” አለኝ።

“ፈረንጅ ምን ዘወልድ አለው?” ብዬ ሳቅሁበት።

“ሽማግሌ ያጣ አገር!” አለ። ከልቡ አዝኖለት ነበር።

ክፍል ሁለት እስኪመጣ ክረምት አለፈ። በሩ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ “ደም መላሹ ተመለሰ” ተብሎ በጠመኔ ተጻፈ። መግቢያው ከስሙኒ ወደ ሽልንግ ወጣ፤ ሰው እያጉረመረመ ከፈለ። ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከዞብል ሥር ሳይቀር በእግሩ የመጣ ሰው ነበር። ሲሳይ ካኪ ሱሪውን አጥቦ ለብሶ ከፊተኛው አግዳሚ ተቀመጠ። እኔ ትሪዬን ይዤ ከቦታዬ ቆምኩ።

ፊልሙ ትንሽ ከሄደ በኋላ ያ ግዙፉ ሰውዬ የቦክሰኛውን በር አንኳኳ። ተፈራ “ሊገድለው መጣ!” አለ። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ብድግ አለ። በሩ ተከፈተ። ሁለቱ ተያዩ። ግዙፉ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ ቦክሰኛውም ቀስ ብሎ መለሰ። ከዚያ ከበሩ ዞር አለለት፣ ሰውየው ገባ። ሚስቱ ወንበር ሳበችለት፣ ሳህን አቀረበች። በሉ። ሲነሱ ተቃቀፉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጥንቅሽ የሚያላምጥ እንኳ አልነበረም፤ ማይኩ ብቻ ይንጫጫል። እኔ ቴሌቪዥኑን ትቼ ወንድሜን ነበር የማየው። የቴሌቪዥኑ ብርሃን ፊቱ ላይ ይጫወታል፤ ውሃ እንደጠጣ ሰው ፊቱ ፈክቷል። ዞር ብሎ ከሰው ሁሉ መሀል እኔን ፈለገኝ። “አየሽ?” የሚል ፊት ነው። “ለካ አላቸው!” የሚል።

ይኼኔ ተፈራ ማይኩን አነሳ። “ጉማ ተቀብሏል! ደሙን ሸጠ! እንደኛው ሲሳይ!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሳቀው ክፉ ሰው ብቻ አልነበረም፤ በሬው ሲታረድ አብሮ የበላ ሰው ሳቀ። እኔ ከኋላ “ተፈራ! ታርቀው ነው በል! ታርቀው ነው!” ብዬ ጮህኩ። አንዱ “አንች ብርጭቆሽን ልቀሚ!” አለኝ። ሌላው “ሴት ስለ ቡጢ ምን ታውቃለች?” አለ። በረኛው ትከሻዬን ገፍቶ ከነትሪዬ አስወጣኝ፤ ብርጭቆዎቹ ደጃፉ ላይ ተከሰከሱ። ሲሳይ ከኋላዬ ወጣ። ዱላውን ከተደረደረው መሀል አነሳና ገበያውን አቋርጦ ሄደ። አልተሳደበም። ቢሳደብ፣ አንዱን እንኳ ቢመታ፣ ምናልባት እስከ ዛሬ ቆቦ ይኖር ነበር።

ተመልካቹ በፊልሙ ላይ የሰጠው አስተያየት ደግሞ የጉድ ነው። “ክፍል አንድ ወንድ ነበር፤ ክፍል ሁለት ቀሚስ ለብሶ መጣ” አሉ። “ሽልንጋችን ይመለስ” ብለው ባለ ቪዲዮ ቤቱን ያነቁት ነበሩ። “ፊልሙን የሠራው ሰው ወንድም የለውም” አለ አንዱ። እኒያ በፊት ሊፎክሩ የተነሱት ሽማግሌ ብቻ “ሽማግሌ ሳይገባ፣ ቃል ኪዳን ሳይፈጸም ደመኛን እንዴት እቤቱ ያስገባል? ሥርዓቱን አበላሽተውታል” ብለው ተከራከሩ፤ የሳቸው አስተያየት ቢያንስ አስተያየት ነው። የሌላው ሁሉ ግን መጨረሻው ሲሳይ ጋ ነው። ድንበር ተጋፍቶ የታረቀ ሰው “ሲሳይ ሆነ” ተባለ። ሚስቱን ይቅር ያለ “ሲሳይ ሆነ” ተባለ። በኋላ አንድ ጎረምሳ ዘወልዶች ደጁ ሲመጡ “እኔ ሲሳይ አልሆንም” ብሎ መለሳቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ አልጽፍም፤ ሁለቱም እናቶች በሕይወት አሉ።

ሲሳይ ማሳውን ለዘመድ ትቶ ጎብዬ ገባ። እዚያ አገባ፣ ወለደ፣ ሰው ወደደው። ከቆቦ ጎብዬ አንድ የአውቶቡስ ጉዞ ነው፤ መሀል ላይ ሮቢት አለች። እኔ በየበዓሉ እሄድ ነበር። ስለ ሆርማት ጎርፍ ይጠይቀኛል፣ ማን ተራ እንደደረሰው፣ የማን ማሽላ እንዳማረ። ስለዚያ ቀን አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። ባሌ የሞተ ጊዜ እንኳ፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ ተነስቶ ሮቢት ደረሰ። ሮቢት ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ያዩት ሰዎች አሉ። ቀብሩ እስኪያልቅ እዚያው ተቀምጦ አለቀሰና ወደ መጣበት ተመለሰ። ዘመድ ቀብር ቀረ ብለው ስንቱ አሙት! አምና ታሞ ሳስታምመው “ሲሳይ፣ ከሞላ ጎን ነው የምናሳርፍህ” አልኩት። “ቆቦ አትውሰዱኝ” አለኝ። “ጎብዬ ላይ ስሜ ሲሳይ ብቻ ነው።”

ከባጃጅ ነጂዎቹ ጋር ከተጣላሁ በኋላ ትርሲትን “ያንን ፊልም ከሥሩ አሳዪኝ” አልኳት። በኮምፒውተሯ ከየትም አምጥታ አስቀመጠችልኝና እሷ ከጎኔ ሆና ትተረጉምልኝ ጀመር። ግዙፉ ሰውዬ ብቅ ሲል “እዚህ ጋ አቁሚ” አልኳት። “ወንድሙን መቼ ነው የገደለው?”

“የማንን ወንድም?”

“የቦክሰኛውን።”

“እምዬ፣ ቦክሰኛው ወንድም የለውም።”

“የሞተ?”

“የሞተም ያለም። ለእናቱ አንድ ነው።”

“ታዲያ ለምንድነው የሚደባደቡት?”

“ለቀበቶ” አለች።

ለቀበቶ! ያን ሁሉ ዘመን አገር የታመሰው ሁለት ጎልማሶች ለቀበቶ ሲደባደቡ ነው! ክፍል ሁለትን አስጀመርናት። በሩ ሲንኳኳ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አልኩ። “ምን አለው?” አልኳት።

“‘ዓይንህ እንዴት ሆነ?’ ነው ያለው። ሲደባደቡ ጎድቶት ስለነበር።”

“እሱስ?”

“‘በግራው አሁንም አላይም’ አለው። ከዚያ ደግሞ ‘ራት ደርሷል፣ ግባ’ አለው።”

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም፣ እምዬ። ይኼው ነው።”

መልሳ መላልሳ እንድታሳየኝ አደረግሁ። ገንዘብ የለም፣ ካሳ የለም። አንዱ ያጎደለውን ዓይን ጠየቀ፤ ሌላው ግባ አለው። ትርሲት የማለቅስ መስሏት መሀረብ ሰጠችኝ። አላለቀስኩም፤ ተናድጄ ነበር። ያኔ ከኋላ ቆሜ፣ አንድ ቃል እንግሊዝኛ ሳላውቅ፣ ታርቀው ነው ያልኩት ትክክል ነበር። የተገፋሁት ግን እኔ ነኝ።

የተቀሩትን ክፍሎችም ሁሉንም አየኋቸው፤ ሳያይ የሚፈርድ ሰው አልወድም። አስተያየቴ ይኸው። ክፍል አንድ ላይ ዳኛው አድልቷል፤ የወደቀውን ቀጭኑን ቀስ ብሎ ይቆጥርለታል፣ ግዙፉ ሲወድቅ ይሮጥበታል። ክፍል ሁለት ከሁሉም ይሻላል፤ እሱም በሯ ለተከፈተችባት ለዚያች ቦታ ስትል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የማይረባ ነው። የታረቁትን ሰዎች መልሰው በነገር ያጋጫሉ፣ የሞተውን ሰው ልጅ ፈልገው ያመጣሉ፣ የዳነውን ቁስል ይቀረፍፋሉ። አዲሱማ ነውር ነው። የልጅ ልጁን ማቀፍ የሚገባውን ሽማግሌ ጓንት አልብሶ ማስደብደብ ምን ይባላል? እጁ እየተንቀጠቀጠ እኮ ነው። ባጃጅ ነጂው እዚህ ላይ እውነቱን ነው።

በማግስቱ ተፈራ ጋ ሄድኩ። ልጁ የባጃጅ መለዋወጫ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ተፈራ የሱቁ ጥላ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ይውላል። ያ የያን ዘመን ጎፈሬው የለም፤ የሹራብ ቆብ አድርጓል። ድምፁ ግን ያው ነው፣ ማይክ አያስፈልገውም።

“እትዬ ዝናሽ! ቁጭ በይ እንጅ። አንተ፣ ወንበር አምጣ!”

“አልቀመጥም። ተፈራ፣ ክፍል ሁለትን አየሁት።”

“የቱን ክፍል ሁለት? ክፍል ሁለት የሌለው ፊልም አለ?” ብሎ ሳቀ።

“በሩ የተንኳኳበትን።”

ሳቁን ተወ። “ኧረ ተይኝ፣ እትዬ። ፊልም እኮ ነው።”

“ወንድሜ ፊልም አልነበረም።”

“እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ?” አለ። “አሰብ የሠራሁት ጆንያ ተሸክሜ ነው። መርከበኛ ከተሸካሚ ጋር ምን ያወራል? ሁለት ሰዎች እንዲያ ሲደባደቡ አየሁ፤ ምክንያት ሰጠኋቸው። አንች ያለ ደም እንዲያ የሚደባደብ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?”

“ክፍል አንድን ተወው” አልኩት። “አለማወቅ ነው፤ በሱ አልከስህም። ክፍል ሁለት ግን እንግሊዝኛ አይጠይቅም። በር ከፈተ፣ አስገባው፣ አበላው፣ አቀፈው። ይህን ለማወቅ አሰብ መውረድ አያስፈልግም። አንተም የዚህ አገር ልጅ ነህ። እርቅ ስታይ እርቅ መሆኑን ታውቃለህ ወይስ አታውቅም?”

መንገዱን አየ። አንድ የጭነት መኪና አለፈ፤ አቧራው እስኪወርድ ጠበቅሁት።

“አውቃለሁ” አለ።

“ያን ዕለትስ?”

“ያን ዕለትም አውቄ ነበር።”

“ታዲያ?”

“ቤቱ ጸጥ አለብኝ። ሰው ጸጥ ሲል እፈራ ነበር። ወንድምሽ ደግሞ ከፊቴ ተቀምጧል…”

“የት እንደተቀመጠ አውቃለሁ፤ እሱ መልስ አይደለም። አንዲት ቃል ነበረች፣ ተፈራ። ‘ታረቁ’ ብትል ጉሮሮህን አይቧጥጥህም ነበር። ለምን አላልክም?”

ልጁ ከሱቁ ውስጥ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየንና ተመለሰ። ተፈራ ቆቡን አወለቀ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

“የክፍል ሦስቱ ካሴት ከደሴ ተጭኖ መንገድ ላይ ነበር” አለኝ። “ታርቀዋል ካልኳቸውማ፣ ዝናሽ፣ እሱን ማን ሊያይ ይመጣል?”